ጋርድ አይጋርድም

በየግቢው በር ላይ የሚቆመው ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ ሦስት አራት ስም ቀያይሯል። መጀመሪያ ዘበኛ ነበር። ክብር ዘበኛን የሚያህል ጦር የተጠራበት ቃል ነው፤ ነገር ግን ከበር ጥግ ካለችው የቆርቆሮ ጎጆ ጋር ሲዛመድ ክብሩ እየቀረ ዘበኛው ብቻ ቀረ። ቀጥሎ «ጥበቃ» ተባለና ሥራው ራሱ የሰውየው ስም ሆነ። ባንኩና ሆቴሉ ሲበዛ «ሴኩሪቲ» መጣ፤ ከሱ ጎን ለጎን ደግሞ «ጋርድ»። ደመወዙ እንደ ስሙ ቶሎ ቶሎ ቢሻሻል ኖሮ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ሥራ ባልተገኘ ነበር። ከአራቱ ስሞች የሚገርመው የመጨረሻው ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳለ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይመስልም። «ጋረደ» የሚለውን ግስ ለወንድ በትእዛዝ ስንናገረው «ጋርድ!» ነውና። መጋረጃ መስኮትን ይጋርዳል፤ ዣንጥላ ፀሐይን ይጋርዳል፤ ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ግርዶሽ ይሆናል። ታዲያ በር ላይ የቆመው ሰውዬ አደጋን የሚጋርድልን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እዚህ ከደረስን በኋላ አንዲት እርምጃ ብቻ ትቀራለች፤ እሷም «እንግሊዞች ቃሉን ከእኛ ወሰዱት» ማለት ናት። ይህችን እርምጃ ለመራመድ ብዙ እውቀት አያስፈልግም፤ ሁለት ስኒ ቡናና ተቃዋሚ የሌለበት ጠረጴዛ ይበቃል። ድምፁ ገጠመ፣ ትርጉሙ ተቀራረበ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጆሮ ግን በቃላት ዘር ጉዳይ የማይታመን ምስክር ነው። እንግሊዝኛው «አዋርድ» ሲል ሽልማት ማለቱ ነው፤ አማርኛው «አዋርድ» ሲል ሰውን በአደባባይ አንገት አስደፋ ማለቱ ነው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የምንፈርድ ከሆነ፣ በየአዳራሹ ቀይ ምንጣፍ የሚነጠፈው የተመረጡ ሰዎችን ለማዋረድ ነው ሊያስብለን ነው። አንዳንዱን የሽልማት መድረክ ያየ ሰው ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ላይቃወም ይችላል፤ የቋንቋ ጥናት ግን ሐሜትን በማስረጃነት አይቀበልም። የ«ጋርድ»ና የ«ጋረደ» ነገርም እንዲሁ ነው፤ በመንገድ የተገናኙ ሞክሼዎች እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም።

የ«ጋርድ» የትውልድ አገር የጀርመን ቋንቋዎች ሰፈር ነው። ፍራንኮች የተባሉት ሕዝቦች ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ ሲገቡ «ዋርዶን» የሚመስል ግስ ይዘው ገቡ። በላቲን የተፈታው የአገሬው አፍ ግን በቃል መነሻ ላይ ያለችውን የጀርመኖች «ወ» አልቻላትም፤ «ግ»ን ደገፍ አደረገላትና ውሎ አድሮ ድጋፉ ብቻ ቀረ። «ዋርዶን» ተለውጦ «ጋርዴ» ሆነ። እንግሊዝ ዊልያም የሚለውን ሰው ፈረንሳይ ጊዮም የሚለው በዚሁ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን የወረረው የኖርማንዲ መስፍንም በአንደኛው አገር ጊዮም፣ በሌላው ዊልያም እየተባለ ይኸው እስከ ዛሬ በሁለት ስም ይኖራል። ኖርማኖቹ በራሳቸው ዘዬ «ወ»ዋን ጠብቀው ስለነበር ቃላቱን በ«ወ» አስገቡ፤ ኋላ የፓሪሱ ፈረንሳይኛ ያንኑ ዕቃ በ«ግ» አመጣ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «ዋርድ» የሚል የራሱ የቆየ ቃል ነበረው። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ደጋግሞ እንደሚገዛ ባለጸጋ ዋርደንና ጋርዲያን፣ ዋራንቲና ጋራንቲ፣ ሪዋርድና ሪጋርድ እያለ ጥንድ ጥንዱን አከማቸ። አንዳንዱ ጥንድ ዕድሉ ተለያየ። በ«ወ» የገባው ዋርድሮብ የልብስ ቁም ሳጥን ሆኖ ተከበረ፤ በ«ግ» ያለው ጋርድሮብ ግን በድሮ ግንቦች ውስጥ የመጸዳጃው ክፍል የጨዋ ስም ሆነ። ሁለቱም ትርጉማቸው «ልብስ ጠባቂ» ነው።

ይህን ሁሉ የዘር ቆጠራ ያመጣሁት ከሥሩ ያለውን ነገር ለማሳየት ነው። የእነዚህ ቃላት ጥንታዊ ሥር ጋሻም፣ ግድግዳም፣ ዱላም አይደለም፤ ማየት፣ ልብ ማለት፣ ነቅቶ መከታተል ነው። ፈረንሳይኛ «ጋርዴ» ሲል መጠበቁ ነው፤ «ረ» ጨምሮ «ረጋርዴ» ሲል መመልከቱ ነው። እንግሊዝኛ «ተጠንቀቅ» የሚልበት «ቢዌር» እና «ነቅቷል፣ ያውቃል» የሚልበት «አዌር» የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት የሩቅ ዘመዶቹን ሲቆጥሩ ዙሪያ ገባውን በአንድ እይታ ማየትን የሚገልጸውን የግሪኮቹን «ፓኖራማ» ሳይቀር ይጨምራሉ። መሸፈንን የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ ቤት ይሂድ፤ እሱም «ፕሮቴክት» ነው። ይህ ከላቲን የመጣ ሲሆን ነገሩን ከፊት ለፊቱ መሸፈን ማለት ነው። ከዚያው «መሸፈን» ከሚለው ግስ በተቃራኒ አቅጣጫ የወጣው ደግሞ «ዲቴክቲቭ» ነው፤ ሽፋን ገላጩ። እንግዲህ የእኛ «ጋረደ» ዘመድ ካስፈለገው የትርጉም ዘመዱ «ፕሮቴክት» ነው። «ጋርድ» በትርጉም የ«ጋረደ» ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ዓይንን ይከልላል፣ ሌላው ዓይን ይከፍታል። የእኔም ክርክር ይኸው ነው፦ ሁለቱን ያምታታው ጆሯችን ብቻ አይደለም፤ ኑሯችንም አምታቷቸዋል። የሸፈንነውን ነገር ሁሉ የጠበቅነው ይመስለናል።

ለዚህ ስህተት አማርኛ ራሱ ያዘጋጀልን ወጥመድ አለ። «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል «ብ»ን ጠበቅ አድርገን ስናነበው ዘበኛ ይሆናል፤ ላላ አድርገን ስናነበው ብሎን ይሆናል። ወረቀት ላይ ልዩነት የለውም። ደግሞ ቀልዱን ተመልከቱ፤ ላልቶ የሚነበበው ነው መጥበቅን የሚናገረው። ፊደላችን ይህን ልዩነት የሚያሳይ ምልክት ስለሌለው ፍርዱን ለአንባቢ ትቶታል፤ አንባቢው ደግሞ ችግር በገጠመው ቁጥር ወደ ብሎኑ ያደላል። ሌባ በዛ ሲባል ቁልፍ ይጨመራል፣ አጥር ከፍ ይላል፣ በአጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተከላል፣ በዚያ ላይ ሽቦ ይጠመጠማል፤ በጣም ይጠብቃል፣ በላላው ንባብ። የጠበቀው ንባብ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በአማርኛ እንግዳን የሚጠብቅም፣ ታክሲ የሚጠብቅም፣ ከብት የሚጠብቅም አንድ ግስ ነው ያለው። መጠበቅ የሚመጣውን አስቦ መቆየት ነው። እንግሊዝኛው በሥሩ «ተመልከት» አለ፤ አማርኛው «የሚመጣውን አስበህ ቆይ» አለ። ሁለቱም «ዝጋ» አላሉም።

የጥንቶቹ ሕግ አውጪዎች ይህ የገባቸው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1285 እንግሊዝ ውስጥ የዊንቸስተር ድንጋጌ የሚባል ሕግ ወጣ። ከተሞች በሮቻቸውን ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ መውጫ እንዲዘጉና የሌሊት ጠባቂ እንዲያቆሙ ያዝዛል። እስከዚህ ድረስ እኛም የምናውቀው ነው። የሚደንቀው ስለ መንገድ የሚናገረው ክፍል ነው። ከአንዱ የገበያ ከተማ ወደ ሌላው በሚወስዱ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ 200 ጫማ ያህል፣ ማለትም ወደ 60 ሜትር፣ ቁጥቋጦው ሁሉ እንዲመነጠር አዘዘ፤ ትልልቅ ዛፎች ብቻ ቀሩ። ለተጓዡ የሚከለልበት ግንብ እንሥራለት አላሉም፤ ሌባው የሚጋረድበትን ቅጠል እናንሣ አሉ። ጥበቃ ማለት መጋረጃን መግፈፍ መሆኑን በምሳር ያስረዳ ሕግ ነው። ድንጋጌውን ያወጣው ንጉሥ ስሙ ኤድዋርድ ነበር፤ ኤድዋርድ ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ «የሀብት ጠባቂ» ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የእኛ አባባል ኬላ አልፎ የሄደ ይመስላል።

ተቃራኒው ምስክር ከፓሪስ ይምጣልን፤ ምክንያቱም ቃሉ የ«ግ» አፍ የፈታው እዚያ ነው። በሉቭር ሙዚየም ያሉ ሥዕሎችን የሚያበላሽ ሰው ስላሳሰባቸው የሙዚየሙ ሰዎች ታላላቆቹ ሥዕሎች በመስታወት እንዲሸፈኑ አደረጉ። ሞና ሊዛም ተሸፈነች። ጋረዷት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1911 ሰኞ፣ ሙዚየሙ ለሕዝብ በሚዘጋበት ቀን፣ ቪንቼንዞ ፔሩጃ የተባለ ጣልያናዊ ከግድግዳ አውርዶ ወሰዳት። ይህ ሰው ለሥዕሎቹ መስታወት ሲገጥሙ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ሽፋኑን የሠራ እጅ ሽፋኑን አወለቀ፤ ፍሬሙንና መስታወቱን ደረጃ ላይ ጥሎ ሥዕሏን ይዞ ወጣ። የሚያሳዝነው እሱ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ምናልባትም የሚያስቀው፣ ባዶው ግድግዳ ነው። ጠባቂዎቹ ባዶውን ቦታ አይተውታል፤ ነገር ግን ፎቶ ሊያነሷት ወስደዋት ይሆናል ብለው አለፉ። መጥፋቷ የታወቀው በማግስቱ አንድ ሠዓሊ ሊሠራ መጥቶ «የት አለች?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። መስታወት ነበረ፣ ግድግዳ ነበረ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ጋርዶች ነበሩ፤ የጎደለው «ጋርድ» የሚለው ቃል ሥር ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 ፍሎረንስ ላይ ተገኘች፤ በጠፋችበት ሰሞን ግን ፓሪሶች ተሰልፈው ባዶውን ግድግዳ ይጎበኙ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ግን ጩኸቱን ለመስማት ሕዝብ ተሰለፈ።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «የቃል አያት የቃልን ትርጉም አይወስንም» ይላል። እውነቱን ነው። «ሎርድ» የሚለው የእንግሊዞች የማዕረግ ስም በጥንቱ አነጋገር «ህላፍ-ዌርድ»፣ ማለትም ዳቦ ጠባቂ ነበር፤ «ሌዲ» ዳቦ አቡኪ ነበረች፤ በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በወጣው የኬንት ሕግ ውስጥ ደግሞ የጌታው ጥገኛ «ዳቦ በሊ» ተብሏል። ዛሬ በለንደን የሎርዶች ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ዳቦ አይጠብቅም፤ ወንበሩ ላይ ቢያሸልብም ማንም «ዳቦው ተሰረቀ» ብሎ አይቀሰቅሰውም። እንዲህ ከሆነ የቃል ዘር መቁጠር ምን ይረባል? መልሴ፣ ቃል አዛዥ አይደለም፣ ምስክር ነው የሚል ነው። አያቱ ለልጅ ልጁ ሕግ አያወጣለትም፤ በዘመኑ ያየውን ግን ይነግረዋል። የዳቦ ጠባቂ ቃል የሚመሰክረው ሥልጣን ከጎተራ አጠገብ መወለዱን ነው፤ ጌታ ማለት ሌሎች የሚበሉትን አይቶ የሚያቆይ ሰው ነበር። ይህ ምስክርነት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይችልም፤ በሥጋ ያልወለደውን አሳዳጊ «እንጀራ አባት»፣ በሥጋ ያልወለዱትን ልጅ «እንጀራ ልጅ» የምንል ሰዎች ነን። ዝምድናን በእንጀራ የለካ ቋንቋ ጌትነትን በዳቦ የለካውን ቋንቋ ሊስቅበት አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመኪና ጎማ ሥር ይወጣል። «እሺ፣ ጋርድ ማየት ከሆነ እንግሊዞች ጭቃ መከላከያውን ለምን የጭቃ ጋርድ አሉት? ያ ቆርቆሮ ዓይን አለው?» የለውም። እኛማ ከጣልያን ወስደን ፓራፋንጎ ስለምንለው ከዚህ ጥያቄ ነፃ ነን። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያሳየው የእኔን ነጥብ ነው፦ ቃሉ ከሰው ወደ ዕቃ ሲወርድ ዓይኑን በመንገድ ጥሎ ወረደ። ለጭቃ ይህ ይበቃል፤ ጭቃ አያስብም፣ ዘዴ አይቀይርም፣ መስታወት ገጣሚ ሆኖ አይቀጠርም። ስህተቱ የሚመጣው የጭቃውን ዘዴ ለሁሉም ነገር ስናውለው ነው። ሶፋው እንዳያረጅ ላስቲኩ ሳይነሣለት ያረጃል፤ በላዩ የተቀመጠ ሁሉ ሶፋውን ሳይሆን ላስቲኩን ያውቃል። የሪሞት ቁልፎች በፌስታል ተጠቅልለው ቁጥራቸው አይነበብም። ቡፌው ውስጥ ያሉት ስኒዎች ለክብር እንግዳ ተብለው እንደተቀመጡ ዓመት ዓመትን ይተካል፤ የሚጠበቀው እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ምን አስቸገራችሁ» እያለ በተለመደው ብርጭቆ ይጠጣል። ከዕለታት አንድ ቀን አቧራ ሲጠረግላቸው አንዱ ይሰበራል። ስልኩ መስታወት ተለጥፎበት፣ በከቨር ታቅፎ፣ የተገዛበት ቀጭንነት የት እንደገባ አይታወቅም። እነዚህ ዕቃዎች አልተጠበቁም፣ ተጋረዱ። በየቀኑ የሚታይና የሚነካ ዕቃ ሲሰነጠቅ ያን ቀን ይታወቃል፤ የተሸፈነ ዕቃ ብል ሲበላው የሚታወቀው ሲገለጥ ነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ዘመናዊ ነው። «ማየት ከሆነ ጉዳዩ ካሜራ አለ፤ አይተኛም፣ አይታመምም፣ የምሳ ሰዓት አይጠይቅም።» ጥሩ። ግን «ሴኩሪቲ ካሜራ» የሚለውን ስም አንድ ጊዜ እንፍታው። «ሴኩሪቲ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ካሜራው ስሙ በትክክል ገብቶታል፤ በዓለም ላይ እንደሱ ሐሳብ የሌለበት ተመልካች የለም። ቁም ሣጥን ተሸክሞ የሚወጣውን ባለቤትም ሌባም በእኩል ፍቅር ይቀርጻል። ወንበሩ ላይ የሚያንኮራፋውን ሰው «ሴኩሪቲ» ብለን የምንጠራ ከሆነም እሱ በስሙ እየኖረ ነውና ልንቆጣው አይገባም። የሉቭር ጋርዶች ዓይን አልጎደላቸውም፤ ባዶውን ቦታ አይተዋል። የጎደላቸው ምን መኖር እንዳለበት ማሰብ ነው፤ ማለትም የአማርኛው «መጠበቅ»። የሚያይ ግን የማይጠብቅ ዓይን መስታወት ነው። ካሜራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ በበኩሉ ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ የሆነውን ይመዘግባል። ጸሐፊን ዘበኛ አድርጎ ቀጥሮ መተኛት ግን የጸሐፊው ጥፋት አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚጠብቅ ዓይን የሚመኝ ዓይንም ነውና። እንግሊዝኛ ለዚህ መልስ የሚሰጥ አሳዛኝ ታሪክ አለው። በሕግ ሞግዚቱ «ጋርዲያን»፣ ሞግዚት የቆመለት ልጅ «ዋርድ» ይባላል፤ ጠባቂውም ተጠባቂውም ከአንድ ሥር የወጡ፣ አንዱ በፈረንሳይ የዞረ፣ ሌላው ከቤት ያልወጣ። በዘመነ መሳፍንታቸው በወታደራዊ ግዴታ ርስት የያዘ ባላባት ልጁ ሳያድግ ሲሞት ሞግዚትነቱ የጌታው፣ አብዛኛውን ጊዜም የንጉሡ ነበር። ንጉሡ ይህን ሞግዚትነት ይሸጠዋል፤ የገዛው ሰው ልጁ እስኪያድግ የርስቱን ፍሬ ይበላል፣ ልጁን ማን እንደሚያገባውም ይነግድበታል። ነገሩ ገቢ ስለነበረው ሄንሪ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1540 ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት አቆመለት፤ በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1660 ነው። አማርኛ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፦ አደራ በላ። ታዲያ ዓይን እንዲህ አደገኛ ከሆነ ወደ ብሎኑ እንመለስ? አይመስለኝም። የእንግሊዝ ሞግዚት ርስቱን አብዝቶ ስላየ አልበላውም፤ እሱን የሚያየው ስላልነበረ ነው የበላው። ጠባቂ የሚያስፈልገው ነገር ካለ አንደኛው ነገር ጠባቂው ራሱ ነው፤ ለሱ ደግሞ የተፈለሰፈ ቁልፍ የለም።

እዚህ ላይ ነው «ሪዋርድ» የሚለው ቃል ወደ በሩ የሚመልሰን። ዛሬ ሽልማት፣ የድካም ዋጋ ማለት ነው፤ አስቀድሞ ግን ያው «ሪጋርድ» ነበር፤ ሰውን ማየት፣ ልብ ብሎ መመልከት። የሠራን ሰው አይተው ዋጋውን ስለሚሰጡት ማየቱ ዋጋ ሆኖ ቀረ። ከዚህ አንጻር በር ላይ ያለው ሰው በእጥፍ ተበድሏል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያየው ደግሞ የለም። ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ጡሩምባ ነፍቶ በሩን ያስከፍትና ተጋርዶ ይገባል፣ ተጋርዶ ይወጣል። ሊያየን የቀጠርነውን ሰው እንዳያየን መስታወት አጠቆርንበት። ለሱ የሚገባው ሰላምታ ግን በቋንቋችን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። «እንዴት አደርክ?» ለሌላው ሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ተኝቶ ያደረ ሰው ስለ አዳሩ የሚናገረው ብዙ የለውም። ለሌሊት ጠባቂ ግን ይህ ጥያቄ የሥራ ሪፖርት መጠየቂያ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት አደሩ፣ አባባ?» ያለ ሰው በሁለት ቋንቋ የጥበቃን ሥር ነክቷል። እሳቸውም ካቡርታቸውን እየሰበሰቡ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ፣ አጥሩም ሽቦውም የማይሰጡት ማረጋገጫ ተሰጥቷል፦ ሌሊቱን ሙሉ ያየ ሰው ነበረ።